በለፋፊ የፈታሁት እስረኛ

«ወህኒ ቤት» የሚለው ሰሌዳ ወርዶ «ማረሚያ ቤት» የሚለው ሲሰቀል እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቼ ነበር። አዲሱን ሰሌዳ ለማየት ሦስት ጊዜ በደጁ ተመላለስሁ። በአራተኛው የበሩ ጠባቂ ጠራኝ።

«አባባ፣ የሚጠይቁት ሰው አለ?»

«የለም። እኔ ራሴ እዚህ ግቢ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ።»

ልጁ ደነገጠ። «በምን ወንጀል?»

«በደሞዝ» አልሁት።

ሳቁን ሰምቶ አለቃው ወጣ። በደርግ ጊዜ የዚሁ ግቢ ኃላፊ እንደነበርሁ፣ ለትምህርትም ምሥራቅ ጀርመን ተልኬ እንደነበር ሲሰማ ዓይኑ በራ። አዲስ ለተቀጠሩት ጠባቂዎች የልዩ ልዩ አገሮችን ወህኒ ቤት እያነጻጸርሁ እንዳጫውታቸው ለመነኝ። አንድ ሰዓት ሰጠኝ፤ እኔ ምሳቸውን አሳለፍሁባቸው። ለሽማግሌ ወንበር መስጠት ቀላል ነው፤ መቀበሉ ነው የሚያስቸግረው።

ለእነሱ የነገርኋቸው የሚያስቀውን ነው። አንድን እስረኛ በትክክለኛው ቀን፣ በትክክለኛው ሰዓት፣ እንከን በሌለው ወረቀት ፈትቼ ወደ ጥይት እንደላክሁት ግን ዋጥሁት። እሱን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርሁት ደሴ፣ ማማ ላይ ቆሞ በማንቀላፋት ነው። አንድ ቀን ጠመንጃዬ ከእጄ አምልጦ ግቢው ውስጥ ወደቀ፤ አንድ እስረኛ አነሣና በአክብሮት በሁለት እጁ አቀበለኝ። ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ወደዚሁ ግቢ ያዛወሩኝ በዚህ ብቃቴ ይመስለኛል። በሐይቅ ሃምሳ አለቃ እንድሪስ እጅ ላይ ወደቅሁ፤ ዕድሌም ያን ቀን ተቃና።

እንድሪስ ትምህርቱ ከቁርአን ቤት አያልፍም። ወህኒ ቤትን ግን እንደ ገበሬ ማሳ ያውቀው ነበር። ቤተሰብ ለእስረኛ ስንቅ ሲያመጣ እኛ አገልግሉን በሽቦ እየወጋን ምላጭ እንፈልጋለን፤ እሱ ግን ከእንጀራው ቁራሽ ይቆርስና እያላመጠ ሴትዮዋን ስለ ላሟ ይጠይቃታል። «ምላጭ የደበቀች ሴት ላሟ መውለዷን ትረሳለች» ይለኝ ነበር። እስረኛ ሲቆጥር ደግሞ ፊት አያይም። ደጃፍ ላይ የተደረደረውን በረባሶ አይቶ ያልፋል። ጫማውን አጥብቆ የጠገነ ሰው መንገድ አስቧል ማለት ነው፤ ያን ሰው ጠርቶ ስለ ልጆቹ ያጫውተው ነበር። እሱ ባለበት ዘመን ያመለጠ ሰው አላስታውስም። እኔ በረባሶ ስቆጥር አንድ ጊዜ ጎደለኝና ግቢውን አስጨነቅሁት፤ የጎደለው የራሴ ነበር፤ እግሬ ላይ አድርጌዋለሁ።

አንድ ልማዱ ግን ያበሽቀኝ ነበር። ሰው ገድሎ የታሰረ ፍርደኛ ጊዜው ሲያልቅ እንድሪስ ማኅተም ይጠፋበታል።

«ሃምሳ አለቃ፣ የዚህ ሰው ፍርድ እኮ ትናንት አልቋል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ማኅተሙ ጠፋኝ።»

«ማኅተሙ ኪስዎ ውስጥ ነው።»

«እኔም እዚያው ነው የጠፋኝ።»

የሚገርመው እስረኛው ራሱ አይቆጣም። ከግቢው ወዲያ ሆኖ፣ «ይፈለግ፣ ሃምሳ አለቃ፤ ቀስ ተብሎ ይፈለግ» ይላል። በእኛ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው ሁለት ዕዳ አለበት። የመንግሥቱን ወህኒ ቤት ተቀምጦ ይጨርሳል። የሟች ቤተሰብን ግን የሚያስጨርሱት አባጋሮች ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው፣ ደም የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች። እነሱ «ደሙ ደርቋል» እስኪሉ ድረስ ገዳይ በሟች ወገን መንገድ አይሄድም፣ ከውኃቸው አይቀዳም፣ ዓይን ለዓይን አይተያይም። እንድሪስ ማኅተሙን የሚያገኘው የአባጋሮቹ ቃል ሲደርሰው ነበር።

ይህን ሁሉ እኔ ኋላ ቀርነት አልሁት። በዚያን ጊዜ ኋላ ቀርነት የሚለውን ቃል ከጨው አብልጠን እንነሰንሰው ነበር።

ከዚያ ጀርመን መጣልኝ። የተመረጥሁት ቅጹን ስርዝ ድልዝ ሳይኖረው ስለሞላሁ ነው፤ ሌላ ችሎታ አልተጠየቅሁም። ስድስት ወር ቆየሁ። ያየሁትን ሁሉ ዛሬም ስናገር ልቤ ይመታል። የወህኒ ቤቱ ወለል ከመወልወሉ ብዛት ፊቴን አየሁበት፤ እስረኛ መስሎኝ ሰላምታ ልሰጠው ምንም አልቀረኝ። ቀኑ በደወል ተከፋፍሎ፣ እስረኛው በደወል ይበላል፣ በደወል ይሠራል፣ በደወል ያነባል። አንዱ ወንበር ያንጻል፣ ሌላው ብረት ይበይዳል። አስተማሪያችን በአስተርጓሚ፣ «የእኛ ዓላማ ሌባ ተቀብሎ ሠራተኛ መመለስ ነው» አለን። የሚፈታው ሰው ኮት ይለብሳል፣ የሥራ ምደባ ደብዳቤና የመኖሪያ ክፍል ቁልፍ ይቀበላል፣ አለቃው እጁን ጨብጦ በር ድረስ ይሸኘዋል። ያን ሳይ እንባዬ መጣ። ብርዱም ሳይረዳኝ አልቀረም።

አንድ ያላሳዩን የሕንፃ ክንፍ ነበር። ማን እንዳለበት ስጠይቅ አስተርጓሚው ጣራ ጣራውን አየ፤ ገባኝ። እኛም አገር በፖለቲካ የሚያዙት በሌላ እጅ ነበሩ፣ ቁልፋቸውም ከእኛ ዘንድ አልነበረም፤ አለመጠየቅ ለጤና ጥሩ ነበር። በዚያ ጤናዬ አልኮራም።

ቆዳ ቦርሳ አንጠልጥዬ፣ የሱፍ ባርኔጣ ደፍቼ፣ ሦስት ደብተር ሞልቼ ተመለስሁ። በዚያ የሐይቅ ፀሐይ ባርኔጣውን አላወልቅ ስላልሁ አገሬው ስሜን «ጀርመን» አለው። መቶ አለቃ ሆኜ የግቢው ኃላፊነት ተሰጠኝ። እንድሪስ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበርና አስቀምጬ ሁሉንም ተረክሁለት። ስለ ደወሉ፣ ስለ ኮቱ፣ ስለ ክፍሉ ቁልፍ።

«ማሻአላህ» አለ። «የሟች ቤተሰብስ? ሰውየው ሲፈታ ምን ይላሉ?»

«እዚያ አገር እኮ ሌላ ከተማ ይመደባል፤ ማን ያውቀዋል?»

«እዚህስ?»

በመስኮቱ ወደ አምባሰል አየሁ። እዚያ ተራራ ላይ አንዱ ቤት ምን እንደተሠራ ሌላው ከጭሱ ያውቃል። ደብተሬን ገለጥሁ።

«አብሽር፣ ጀርመን» አለኝና ትከሻዬን መትቶ ወጣ። ከሳምንታት በኋላ ማኅተሙን አስረክቦኝ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ማሳው ሄደ።

ሥራው ጣመኝ። እንጨት ሥራ ጀመርን፣ ፊደል ማስቆጠር ጀመርን፣ እስረኞች ለአሣ አጥማጆች መረብ እንዲሠሩ አደረግሁ። በዚያ ግቢ ስድብ በምስማር ድምፅ ሲተካ ማየት እንዴት ያለ ደስታ ነበር። ማታ ማታ ሰብስቤ ስለ ጀርመን አስተምራቸዋለሁ። ፊት ተቀምጦ የሚያዳምጠኝ የእስረኞቹ ካቦ ሰይድ ነበር፤ በኮንትሮባንድ ጨርቅ የተያዘ ነጋዴ፣ አንደበተ ስል።

«መቶ አለቃ» አለኝ አንድ ቀን፣ «እርስዎን መንግሥት ልኮዎት ተማሩ። እኔ በራሴ ወጪ ነው የተማርሁት። ጅቡቲ ታስሬያለሁ፣ ጅዳም ታስሬያለሁ።»

ደብተሬን አወጣሁ። «የጅቡቲው ዓላማው ምንድን ነው?»

«ከአገር ማስወጣት። ማንን ገደልህ፣ ምን ሰረቅህ የሚልህ የለም፤ ‹መቼ ነው የምትሄድ› ነው ጥያቄው። የታሰርነው ሁላችን የሌላ አገር ሰው ነበርን። እንደ አውቶቡስ መናኸሪያ ይቁጠሩት።»

«የጅዳውስ?»

«እሱ ያስፈራል። ግን አንድ ነገር አየሁ። ነፍስ ያጠፋ ሰው ቁልፉ ከመንግሥት ዘንድ የለም፤ ከሟች ወራሾች ዘንድ ነው። አብሮኝ የታሰረ አንድ የመናዊ ሞት ተፈርዶበት ነበር። የሟች እናት መጣች፤ ‹አፉ ብያለሁ› አለች፤ በሩ ተከፈተ። እሷ እምቢ ብትል ንጉሡም አይከፍተው። ወላሂ፣ እኔ የአባጋሮቹን ነገር እዚያ ሄጄ ነው የተረዳሁት።»

በደብተሬ ላይ «ሳዑዲ፦ ኋላ ቀር» ብዬ ጻፍሁ። ያ ደብተር ዛሬም አለ፤ የእጅ ጽሑፌ በጣም ያምራል።

አሁን ወደ ይመር ልምጣ። ይመር ከውጫሌ በላይ ያለ የአምባሰል ገበሬ ነው። በመስኖ ውኃ ተራ ከጎረቤቱ ከአህመድ ጋር ተጣልቶ በዶማ መታው፤ አህመድ ሞተ። ፍርዱን ሲጨርስ ከእኔ አናጢዎች አንደኛ ነበር። ለእኔ ይመር እስረኛ አልነበረም፤ ማስረጃዬ ነበር። ጀርመን የሠራው እዚህም እንደሚሠራ የማሳይበት ሰው ነበር። ስለዚህ በዚያ ወህኒ ቤት ታይቶ የማይታወቅ የመፍቻ በዓል አሰናዳሁ። በሐይቅ ገበያና በውጫሌ ገበያ ለፋፊ በጥሩንባ፣ «ታርሞና ሙያ ተምሮ ወደ ኅብረተሰቡ የሚመለሰው ይመር በዚህ ቀን፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ይፈታል፤ መጥታችሁ ተቀበሉ» ብሎ እንዲናገር አደረግሁ።

ሰይድ ሰምቶ ቢሮዬ መጣ። «መቶ አለቃ፣ ደሙ ደርቋል?»

«ፍርዱ አልቋል።»

«ያንን አልጠየቅሁም።»

በማግስቱ ይመር ራሱ መጣ። ቆቡን እያሻሸ ቆመ። «መቶ አለቃ፣ አባጋሮቹ መኸሩ ሲሰበሰብ እንቀመጣለን ብለዋል። አንድ ወር ቢሆን ነው። ማኅተሙ ለትንሽ ጊዜ ቢጠፋስ ብዬ ነበር።»

«በእኔ ዘመን ማኅተም አይጠፋም። ከፍርድህ በላይ አንዲት ቀን ብትታሰር መብትህ ተጣሰ ማለት ነው።»

«መብቴን ለአንድ ወር ያስቀምጡልኝ።»

ሳቅሁ፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። እስካሁን የሚያቃጥለኝ ደግሞ በሕጉ ትክክል መሆኔ ነው። ትክክል ሆኖ መሳሳት እንደሚቻል በሦስቱ ደብተሮቼ አልተጻፈም።

ቀኑ ደረሰ። ከሰልባጅ ተራ የገዛሁለትን ኮት አለበስሁት። ምስክር ወረቀት ሰጠሁት። የቀበሌ ወጣቶች ዘመሩ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ እኔ ንግግር አደረግሁ፤ ረዥም ነበር ይላሉ። እጁን ጨብጬ አውቶቡስ ላይ አሳፈርሁት። ውጫሌ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ጀመረ። ዳገቱ ሥር የአህመድ ታናሽ ወንድም ሙሄ ይጠብቀው ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ጋቢ ለብሶ ቢሮዬ ገባ። ከጋቢው ሥር ጠመንጃ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ምስክር ወረቀት በምጽፍበት ቦታ አስቀመጠ።

«ሙሄ እባላለሁ። የአህመድ ወንድም ነኝ። ይመርን መትቼዋለሁ፤ ይሙት ይዳን አላውቅም።»

«ለምን?» አልሁት።

«አባጋሮቹን እጠብቃለሁ ብዬ ለእናቴ ቃል ሰጥቼ ነበር። እየጠበቅሁም ነበር። ገበያ መሐል ቆሜ በጥሩንባ ስሰማው፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ለገዳይ እልል ከተባለ ለሟች ምን ይባላል? እስቲ እርስዎ የተማሩት ይንገሩኝ።»

ጠመንጃውን አንሥቼ ጠባቂ ጠራሁ።

ይመር ዳነ። ጥይቱ ጭኑን ነበር የመታው፤ እግሩ ግን አጠረ። ደሴ ሆስፒታል ስጠይቀው ከትራሱ ቀና ብሎ፣ «መቶ አለቃ፣ ያ ኮት ተበሳ» አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ወንድሞቼ እየዛቱ ነው። ሙሄም አንድ ቀን ይፈታል፤ የሚወጣው በዚያው ዳገት ነው። እኔ እከለክላቸዋለሁ፤ ግን እስከ መቼ?» ሙሄም ተፈረደበትና ከእኔው ግቢ ገባ። አንድ ሰው አርሜ ልመልስ ብዬ ለሁለት ቤት ሬሳ አዘጋጀሁ ማለት ነው።

ወደ እንድሪስ ሄድሁ። ሐይቁ ዳር ሽንኩርት ይኮተኩታል። ስድብ ፈልጌ ነበር የሄድሁት፤ አልሰጠኝም።

«የሙሄ እናት እትዬ ዘሐራ ይባላሉ» አለኝ። «ነገ እንሄዳለን። ባርኔጣውን ተወው፤ ፍየል ያስደነግጣል።»

ሁለት ጊዜ ዳገቱን ወጣን፤ ሁለት ጊዜ ደጃቸውን ዘጉብን። እኔ እስትንፋሴ ተቆርጦ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ እንድሪስ፣ «ጀርመን ዳገት የለም እንዴ?» ይለኛል። ሦስተኛው ላይ ከበሩ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«ለፋፊ ልኮ ሐዘኔን ገበያ ያወጣው እሱ ነው?»

«እሱ ነው፣ እትዬ ዘሐራ» አለ እንድሪስ።

«ምን ይላል?»

እንድሪስ በክርኑ ጎሰመኝ። «አፉ ይበሉኝ» አልሁ። በሕይወቴ ያደረግሁት አጭሩ ንግግር ነው።

በሩን ገርበብ አደረጉት። «አባጋሮቹ ይቀመጡ» አሉ። «ልጄ በሌለበት ግን አይሆንም። እስር ቤቱ ውስጥ ይሁን።»

እንዲህ ያለ ነገር ወህኒ ግቢ ውስጥ የሚፈቅድ ደንብ አልነበረም። ለበላይ አካል «የንቃት ስብሰባ ይካሄዳል» ብዬ ጻፍሁ፤ ውሸትም አልነበረም፤ እንደዚያ ቀን ነቅቼ አላውቅም። አባጋሮቹ ጥምጥም የጠመጠሙትም ማተብ ያሰሩትም አንድ ላይ መጥተው ከግቢው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። የይመር ወንድሞች በአንድ በኩል፣ የአህመድ ዘመዶች በሌላው በኩል ሆኑ። ጠመንጃቸውን በር ላይ የተቀበልሁት ራሴ ነኝ፤ ልቤ በአንድ በኩል ይፈራል፣ በአንድ በኩል እንደ ሠርገኛ ይዘላል። እስረኞቹ ሁሉ ምስማራቸውን ጥለው ቆሙ።

በልማዱ ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። ይመር በምርኩዝ እያነከሰ ድንጋዩን በጫንቃው ተሸክሞ ጎንበስ አለ። ሙሄም እንዲሁ። ትልቁ አባጋር ዙሪያውን ቃኙ።

«ሁለት ሆኑ» አሉ። «በዚህ ነገር ያጠፋው ሁለት ሰው ብቻ ነው?»

ሁሉም እኔን አየ። ደንብ ልብሴን እንደለበስሁ፣ ማዕረጌ ትከሻዬ ላይ እያብለጨለጨ ወጣሁና ድንጋይ ፈለግሁ። ሰይድ ቀደመኝ። ከአጥሩ ሥር ትልቁን መርጦ ጫንቃዬ ላይ አሳረፈና፣ «ይህ ለመቶ አለቃ ማዕረግ ይመጥናል» አለኝ።

እትዬ ዘሐራ ተነሡ። መጀመሪያ ይመር ፊት ቆሙ። ልጃቸውን የገደለው ሰው ነው። ቆሙ። በጣም ቆሙ። ሙሄ ጎንበስ እንዳለ በዓይኑ ብቻ እናቱን ይከተላል፤ የይመር ወንድሞች ደግሞ በሩ ላይ ያለውን ጠመንጃቸውን ያያሉ።

«አፉ ብያለሁ» አሉና ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አወረዱት። ይመር እግራቸው ላይ ተደፋ።

ወዲያው የይመር ታላቅ ወንድም ሄዶ የሙሄን ድንጋይ አወረደ፤ ሁለቱ ተቃቀፉ፤ ዱአው ተጀመረ፣ ክርስቲያኖቹ አሜን አሉ፣ አባጋሩ «ደሙ ደርቋል» አሉ። እኔ ድንጋዬን እንደተሸከምሁ ነኝ። አንገቴ ሊሰበር ደርሷል። እትዬ ዘሐራ ሄደው ተቀመጡ፤ ውኃ ጠየቁ፤ ቀስ እያሉ ጠጡ።

«ዘሐራ፣ ይሄስ?» አሉ አባጋሩ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

«ይሄ ውጭ አገር የተማረ ነው» አሉ። «ትንሽ ይቆይበት፤ የእኛንም ይማር።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እስረኛው፣ ጠባቂው፣ በጠላትነት የመጡት ሁለቱ ወገኖች አብረው ሳቁ። እኔም ከድንጋዩ ሥር ሆኜ ሳቅሁ፤ ስስቅ ድንጋዩ ይብሳል።

በመጨረሻ መጡና ፊቴ ጎንበስ አሉ፤ እሳቸው ብቻ ነበሩ ዓይኔን ማየት የሚችሉት።

«ይሄኛው ልጄ መቼ ነው የሚፈታው?»

ነገርኋቸው። «ለማንም አልናገርም፣ እትዬ። ለእርስዎ ብቻ።»

አሰቡ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አደረጉ።

«ለይመርም ንገረው» አሉኝ። «ልጄን ዳገቱን የሚያወጣው፣ በቅሎ ያለው እሱ ነው።»